ስልሳ ሦስት ጉልበት

ኮምፒውተሯ ሙዚየም እንዲገባ ሲፈረድበት የሻሽወርቅ በክንዷ እርጥብ ፎጣ ይዛ ሳሎኑ በር ላይ ቆማ ነበር። ፈራጁ አቪሻይ የሚባል የልጇ የሬዑት አለቃ ነው፤ ቴል አቪቭ ካለው ቢሮው ሆኖ በሬዑት ላፕቶፕ ውስጥ ይናገራል። ሬዑት ካርሜ ጋት በሚባለው ሰፈር ያለውን የቤቷን የኢንተርኔት መስመር ቆፋሪዎች በጥሰውባት፣ ከማለዳ ጀምሮ ወላጆቿ ሳሎን ተቀምጣ ትሠራለች። አሥር ዓመት ባለፈው ኮምፒውተር ዛሬም ፊልም የሚያቀናብር ሰው ካለ፣ አለ አቪሻይ በዕብራይስጥ፣ ኮምፒውተሩንም ሰውየውንም ሙዚየም መውሰድ ነው። ስክሪኑ ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ከሚመጣው ወር ጀምሮ የፊልም ማቀናበሪያ ፕሮግራማችን በአሮጌዎቹ ላይ መሥራቱን ያቁም፣ ለእነሱ የምናባክነው ጊዜ በዛ፣ የሚቃወም አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። አምስት ሰዎች በየተራ «በሴደር» እያሉ ተስማሙ። ስድስተኛዋ ሬዑት ነበረች። እሷም «በሴደር» አለች።

የሻሽወርቅ ፎጣዋን እንደያዘች ወደ ኋላ ተመለሰች። ፎጣው ሰበብ ነበር እንጂ ወደ ሳሎን የመጣችው ልጇን እርዳታ ልትጠይቅ ነው፤ ያውም ስለዚያው ሙዚየም ስለተፈረደበት ኮምፒውተር። አሁን ግን አፏ ተያዘ። አዘነች፤ ያዘነችውም በአቪሻይ አይደለም። አቪሻይ አያውቃትም፣ ያላወቀ ሰው የፈለገውን ይበል። ልጅቷ ግን ፊደል ሳትቆጥር በፊት በዚህ ቤት ውስጥ ፊልም ሲቆረጥ እያየች ያደገች ናት። ፎጣውን ሰገነቱ ላይ አሰጣችና ትንሿ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች።

ነገሩ የተበላሸው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ባሏ ዳኘው ኢንዱስትሪ ቀጠናው ካለው ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ ገባና፣ ገላዬን ልታጠብ ብሎ የውኃ ማሞቂያውን ዱድ አበራው። ማዝጋኑ ቤቱን እያቀዘቀዘ ነበር፣ የልብስ ማጠቢያውም እየዞረ ነበር። የቤታቸው መስመር ሦስቱን አንድ ላይ እንደማይችል ዳኘው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያውቃል፤ ማወቅና ማስታወስ ግን ለየቅል ናቸው። ፊውዙ ወረደ፣ ቤቱ ጭር አለ፣ የትንሿ ክፍል ኮምፒውተርም አብሮ ጭር አለ። የተቆራረጠውን ሁሉ ገጣጥሞ አንድ ፊልም አድርጎ ለማውጣት ከትናንት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ያለ እረፍት ሲለፋ ያደረ ነው። ሊጨርስ የቀረው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር። የሻሽወርቅ አልጮኸችም። ፀጉሩን ሳሙና አልብሶ ብቅ ያለውን ባሏን አየችው፣ እሱም አያት፤ ከዚያ ገብቶ ሳሙናውን በቀዝቃዛ ውኃ አለቀለቀ።

ፊልሙ የንጋት ልጅ የናዳቭ ሠርግ ነው። ንጋት ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ ከየሻሽወርቅ ጎን ቆማ መሥራት ከጀመረች አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ዛሬ ሐሙስ ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት መልሱ ይደገሳል፤ የሰፈሩ አዳራሽ ውስጥ ሁለቱ ቤተሰቦች ተሰብስበው ፊልሙን አንድ ላይ ያያሉ። አሮጌው ኮምፒውተር እንደገና ከሀ ጀምሮ አሥራ ስድስት ሰዓት ይፈልጋል፤ ቢሮጥ ቢሮጥ ምሽቱ ካለፈ በኋላ ነው የሚደርሰው። የሻሽወርቅ እንደገና አስነሳችው፤ ደግሞ ፊውዝ ቢወርድ ሁሉም እንዳይጠፋ ብላ ፊልሙን እኩል እኩል አራት ቦታ ከፈለችው። ከዚያ ነው ፎጣ አንስታ ወደ ልጇ የሄደችው፤ የሰማችው ግን ያንን ፍርድ ነው።

ትንሿ ክፍል ድሮ የሬዑት መኝታ ነበረች። አሁን ግድግዳው ዳር እስከ ጣሪያ የሚደርስ የብረት መደርደሪያ አለ፤ በላዩ በየካርቶኑ የሠርግ፣ አሥራ ሦስት የሞላው ልጅ የሚከበርበት የባር ሚጽቫ፣ የተዝካር ፊልም ተደርድሯል፣ በየካርቶኑ ላይም የቤተሰቡ ስም በወፍራም እስክሪብቶ ተጽፏል። ኮምፒውተሩን የገዛችው አንድ የሒሳብ ሠራተኞች ቢሮ ዕቃውን ሲያራግፍ በዘጠኝ መቶ ሸቀል ነው። ጎኑ ተከፍቶ የሚሠራ ስለሆነ ፊት ለፊቱ ማራገቢያ ቆሞለታል፤ ማራገቢያውም አንድ መቶ ሃያ ፈጅቷል። ሥራው ከድሮም የተከፋፈለ ነው፤ ዳኘው ካሜራውን ይሸከማል፣ እሷ ታቀናብራለች። ከአሽዶድ ከተማ የሚመጡት ፊልም አንሺዎች ሰማይ ላይ የሚበር ካሜራ ይዘው ሰባት ደቂቃ ፊልም በስድስት ሺህ ይሸጣሉ። የሻሽወርቅና ዳኘው ለአራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ፊልም ሁለት ሺህ አምስት መቶ ያስከፍላሉ፤ ለዚያውም የዘመድ ቅናሽ አለበት፣ ዘመድ ያልሆነ ደግሞ አይመጣም።

አራት ሰዓት ከሃያ የሚሆንበት ምክንያት አለው። የኛ ሰው የሠርግ ፊልም የሚያየው ሙሽሮቹን ሊያይ አይደለም፤ እነሱንማ ሠርጉ ላይ አይቷቸዋል። የሚያየው ራሱን ሊያገኝ ነው። ከሐዴራ በሁለት አውቶቡስ የመጣች አክስት መምጣቷ በፊልም ካልተመሰከረላት አልመጣችም ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የጉልበቱ ሰዓት አለ። ሙሽሮቹ በተርታ ከተቀመጡት ሽማግሌዎችና እናቶች ፊት እየተንበረከኩ የእያንዳንዱን ጉልበት ይስማሉ፣ እያንዳንዱም እጁን ጭንቅላታቸው ላይ ጭኖ ይመርቃል። በናዳቭ ሠርግ ስልሳ ሦስት ሰው ተቀምጦ ነበር። መጀመሪያ የሙሽራው ወገን ተሳመ፣ የሙሽሪት ወገን ቀጠለ፤ እነሱ ዘግይተን ተጠራን ብለው ያን ቀን ትንሽ አኩርፈዋል፣ ኩርፊያውም እስከ ዛሬ አልበረደም። ንጋት ዛሬ ጠዋት ደውላ ይህን አንስታ ነበር። ትልቁ ስክሪን ተተክሏል አለች፣ ምግቡም ተዘጋጅቷል፤ የሙሽሪት አያት አባ አግደው ራሳቸውን ካዩ ግን ሌላው ሁሉ ይበርዳል አለች። የሻሽወርቅ እሺ አይዞሽ ብላ ዘጋችው፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን አየችው። ከመቶ አምስት እጅ ላይ ነበር።

እንደዚያ ተዘጋግታ እስከ አራት ሰዓት ቆየች። ሬዑት ሳሎን ውስጥ የኮምፒውተሯን ቁልፎች ትቀጠቅጣለች፣ እናትየዋ ትንሿ ክፍል ውስጥ ከመቶ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት እያለች ትቆጥራለች፤ በመሃላቸው አንድ ኮሪደርና አንድ «በሴደር» አለ። ነገሩን የነገራት ዳኘው ነው። ከመተኛት ይልቅ ሲገላበጥ አርፍዶ፣ ጥፋቱ አላስተኛ ሲለው ሳሎን ወጣና ፊውዙን፣ መልሱን፣ አሥራ ስድስቱን ሰዓት፣ ሁሉንም ለልጁ ዘረገፈው። ሬዑት ላፕቶፗን ይዛ ወደ ትንሿ ክፍል ገባች።

«ኢማ፣ ለምን አልነገርሽኝም? ከጠዋት ጀምሬልሽ ቢሆን እስካሁን ግማሹ አልቆ ነበር» አለቻት።

የሻሽወርቅ ሥራ ላይ ስለነበርሽ ነው አለችና ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም። ሬዑት ብዙም አልጠየቀች፣ ሥራው ነው የታያት። እሷና ጓደኞቿ ሦስት ዓመት የለፉበት ፕሮግራም የተሠራው ለዚሁ ነው፤ በሳጥን ቢሸጥ ሳጥኑ ላይ የሚጻፈውም ይኸው ነው፤ በየትኛውም ኮምፒውተር ጀምር፣ በየትኛውም ጨርስ። በአሮጌውም በአዲሱም፣ ይህ ኩባንያ በሠራውም ያኛው በሠራውም። የእናቷ ኮምፒውተር ላይ ራሷ ነበረች የጫነችው። ሙሉውን ሥራ ወደ ላፕቶፗ ገለበጠችና አስነሳችው፤ ሙሉ ፊልም እንኳ አምስት ሰዓት ነው የሚፈጅበት፣ እስከ ዘጠኝ ተኩል ይደርሳል አለች። ላፕቶፑ ግን አምስት ሰዓት አልፈጀም። በአንድ ሰዓት ጨረስኩ አለ። ሬዑት ደስ አላት፤ እንደዚህ ፈጣን መሆኑን እሷም አላወቀችም ነበር። የሻሽወርቅ ደስ አላላትም። በአንድ ሰዓት ከሚጨርስ ልብስ ሰፊም ቢሆን ልብስ አትቀበልም።

ሦስቱ ሳሎን ተቀምጠው ፊልሙን በቴሌቪዥኑ ከፈቱት። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። ሙሽሪት ከመኪና ወረደች፣ ወዲያው አዳራሽ ገባች፣ ወዲያው ጭፈራ። ሠላምታ ላይ አንድ ሰው ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳመና አለቀ። ዳኘው ራሱ፣ እኔ ነኝ እንዴ የቀረጽኩት ብሎ ተገረመ። ከዚያ የጉልበቱ ሰዓት መጣ። ሙሽሮቹ የሙሽራው አጎት ታደገ ፊት ተንበረከኩ፣ ጉልበታቸውን ሳሙ፣ ታደገ መረቁ። ቀጥሎ ኬክ ተቆረሰ። የሻሽወርቅ መልሽው አለች። ሬዑት መለሰችው፤ ታደገ መረቁ፣ ኬክ ተቆረሰ። የፊልሙ ጠቅላላ ርዝመት ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው።

«የቀሩት ስልሳ ሁለት ሰዎችስ?» አለች የሻሽወርቅ። «አባ አግደውስ የታሉ?»

ሬዑት ፊቷ ተለዋወጠ። የሆነው ቶሎ ነው የገባት፤ የአዲሱ ፕሮግራም መኩሪያ አንዱ ድግግሞሽ ማጥራቱ ነው። የአሽዶዱ ፊልም አንሺ ሙሽሪትን አሥር ጊዜ ሲያስቅ ይውላል፣ ፕሮግራሙም አሥሩን አይቶ በጣም የጠራውን ያስቀርና ዘጠኙን ይጥላል። ስልሳ ሦስት ጊዜ ሁለት ሰው ወለል ላይ ተንበርክኮ፣ ስልሳ ሦስት ጊዜ እጅ ጭንቅላት ላይ ሲያርፍ አየና አንድ ነገር ስልሳ ሦስት ጊዜ የተቀረጸ መሰለው። ብርሃኑ የጠራው ታደገ ላይ ሆነና ታደገን አስቀረ። ይህን ማጥሪያ ስንሠራ አንድም ሰው እንዲህ ያለ ነገር አላሰበም አለች ሬዑት፣ እኔም አላሰብኩም። የመጨረሻዋን ቃል ስትናገር ድምፅዋ ቀነሰ፤ ልጅ ሆና የተንበረከከችባቸውን ጉልበቶች ብትቆጥር ከስልሳ ሦስት ይበልጣሉ። ዳኘው ሳቅ አመለጠው። ይሄ ዛሬ ማታ ቢታይ ኖሮ፣ አለ፣ የታደገን አንድ ጉልበት ይዘን አገር መልቀቃችን ነበር።

የሻሽወርቅ አልሳቀችም። የኔ ኮምፒውተር ለምን አልጣላቸውም ብላ ጠየቀች። ሬዑት አስረዳቻት፤ ማጥሪያው ከባድ ስለሆነ ፕሮግራሙ አቅም በሌለው ኮምፒውተር ላይ ራሱ ይተወዋል፤ አቅም ያለው ላይ ግን ሳይጠይቅ ይሠራዋል። የሻሽወርቅ ይህን አሰበችበት። ከጠዋት ጀምሮ ደረቷ ውስጥ የተቀመጠው ነገር ያን ጊዜ መውጫ አገኘ።

«እንግዲያ ያ ሙዚየም የሚገባው ነው ሰዎቹን ያልጣላቸው» አለች። «ጠዋት በሩ ላይ ነበርኩ። አንቺም በሴደር አልሽ።»

ዳኘው ተነስቶ ውኃ ልጠጣ ብሎ ወጣ፤ ውኃው ግን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሬዑት አልዋሸችም። አፈርኩ ኢማ አለች፤ እንደዚያ ያለው ኮምፒውተር ያለው ሰው ማነው ብለው ቢጠይቁኝ እናቴ ናት ማለት አፈርኩ። እዚያ ያሉት ወላጆቻቸው ዶክተርም ናቸው፣ ጠበቃም ናቸው። የሻሽወርቅ ልጇን አየቻት። ሠላሳ ዓመቷ ነው፣ ጠረጴዛውን በጣቷ የምትፍቀው ግን ልክ በስምንት ዓመቷ መስተዋት ሰብራ እንደፈቀችው ነው። ሐዘኗ አልጠፋም፣ ቁጣዋ ግን ጠፋ። ሰዓቱ ስድስት ሊሞላ ነው፣ አለቻት፣ ሰዎቹን መልሺልኝ።

ማጥሪያውን ለማጥፋት ፕሮግራሙ ውስጥ ቁልፍ አልተሠራለትም ነበር፤ ማን ይፈልገዋል ተብሎ ነው። ሬዑት የራሷን ላፕቶፕ ሆድ ዕቃ ከፍታ እዚያ ውስጥ ያለ አንድ መስመር ፈልጋ እስክታሰናክል ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ። አሁን ሙሉውን ብትጀምረው የሚያልቀው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ የተበላሸ ነገር ቢገኝ ማረሚያ ጊዜ አይተርፍም። ነገሩ የዳነው የሻሽወርቅ ፊልሙን አራት ቦታ በመክፈሏ ነው። አሮጌው ኮምፒውተር አንደኛውን ጨርሶ ሁለተኛው ላይ ነበር፤ እሱ ሁለተኛውን ይጨርስ፣ ላፕቶፑ ሦስተኛውንና አራተኛውን ይውሰድ ተባለ። የፊልሙ እኩሌታ የወደቀው ደግሞ የጉልበቱ ሰዓት መሃል ላይ ነው። የሙሽራው ወገን፣ ታደገ የመጨረሻው፣ ከአሮጌው ይወጣሉ፤ የሙሽሪት ወገን፣ አባ አግደው የመጀመሪያው፣ ከአዲሱ። የሻሽወርቅን የጨነቃት ሁለቱ የሚገጥሙበት ያ ስፌት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ጥሩ ሰዓት ነበር። ምስር በልተዋል፣ ዳኘው ማዝጋን፣ ዱድ፣ ማጠቢያ፣ ምንም እንዳይነካ በየበሩ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሙቀቱ ሠላሳ አራት ገብቷል፣ እናትና ልጅ ማራገቢያው ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለት ስክሪን ላይ ቁጥር ሲያድግ ያያሉ።

በዘጠኝ ተኩል ሬዑት ሁለተኛ ስብሰባ ነበራት። አንድ ፊልም በሁለት ዓይነት ኮምፒውተር ተሠርቶ እንደሚገጥም ለአቪሻይና ለሌሎቹ ማሳየት አለባት፤ ለዚያ ተብሎ ባሕር ዳርቻ ላይ የሚሮጥ ውሻ የሚያሳይ የሁለት ደቂቃ ፊልም ከሳምንት በፊት ተዘጋጅቶላት ነበር። ውሻውን ተወችው። መጀመሪያ ሃምሳ ሁለት ደቂቃውን ከፍታ ታደገንና ኬኩን አሳየቻቸው። ቀጥላ ሁለቱን ግማሾች ገጥማ ከፈተች፤ ሰዎቹ አንድ በአንድ እየተሳሙ መጡ። ስልሳ ሦስቱም አሉ፣ ስልሳ ሁለቱን የጣለው አዲሱ ነው፣ ያልጣለው አሮጌው ነው አለች። እናቷ በሩ ላይ መቆሟን ታውቃለች፤ ዘወር ብላ በእጇ ጠራቻትና ከጎኗ ወንበር ሳበችላት።

«ጠዋት በሴደር ያልኩትን መልሼ ወስጃለሁ» አለች በዕብራይስጥ። «ያ ኮምፒውተር የእናቴ ነው። ይህን ሥራ የተማርኩትም ከእሷ ነው።»

ከአቪሻይ ጀርባ ውሻ ይጮሃል፣ ምናልባት ያው የባሕር ዳርቻው ነው። አቪሻይ የሻሽወርቅን ሰላም አላትና፣ ስለ ሙዚየሙ ይቅርታ ጠየቀ፤ ጆሮው ቀልቷል። ጥሩ አመል ያለው ሰው ሆኖ ተገኘ። ስፌቱ የት ጋ እንደሆነ ግን እኔ አልታየኝም፣ አለ፣ ግጥሙ በጣም ጥሩ ነው። ሌሎቹም አልታያቸውም። የሻሽወርቅ እዚያው በትልቁ ቴሌቪዥን ላይ እያየች ነበርና ጣቷን አነሳች። አባ አግደው ላይ ሲደርስ የሙሽሪት ቀሚስ ነጭነቱ ለቀቅ አለ፣ አለች፤ የሰዎቹም ፊት ቀላ። ታደገ የገዛ መልካቸውን ይዘዋል፣ አባ አግደው ግን የታመሙ መስለዋል። ሬዑት ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሄዳ አፍንጫዋን ልታስነካው ተቃረበች። እውነት ነበር። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ቀለሙን በየራሳቸው መንገድ ነው የሚያነቡት፤ ልዩነቱ ከአንድ ጠብታ ወተት አይበልጥም፣ ግን አለ። አቪሻይ እንዴት አየሽው ብሎ ጠየቃት።

«እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ» አለችው የሻሽወርቅ። «ለማያውቃቸውማ ሁሉም አንድ ጉልበት ናቸው። አንተ በየትኛውም ጀምር፣ በየትኛውም ጨርስ ብለሃል። እዚህ ጀምሬ እዚያ ስጨርስ ሰው ከጎደለብኝ፣ የተረፈውም መልኩ ከተለወጠብኝ፣ ምኑን ጨረስኩት?»

ስብሰባው ሊያልቅ ሲል ብዙ ነገር ተገለበጠ። አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች እንዳይጣሉ ተባለ፤ እንዲያውም ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ነገር ሁሉ መጀመሪያ እንደ የሻሽወርቅ ያለ ኮምፒውተር ላይ ይሞከር፣ እሱ ከሚያወጣው ጋር ያልተመሳሰለ አይውጣ ተባለ። ማጥሪያውም ከመጣሉ በፊት ይጠይቅ ሲሉ አቪሻይ ምን ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል አላት። የሻሽወርቅ ትንሽ አሰበችና፣ ይህን ሰው መጣል ትፈልጋለህ ብሎ ይጠይቅ አለች፤ እንደዚያ ከተጠየቀ ማንም አዎ አይልም። የጻፈው አንዱ ወጣት ነው፤ ቃል በቃል ጻፈው። ስክሪኑ ሲጠፋ ሬዑት እናቷን አንገቷ ላይ ሳመቻት፣ የሻሽወርቅም ተይኝ፣ አራት ሰዓት ፊልም ተሸክሜ አልሳምም አለች፤ ግን ልጇን አልለቀቀቻትም።

ለቀሪው ሥራ ሁለት ሰዓት ብቻ ነበራቸው። ሬዑት ላፕቶፑ ቀለሙን አሮጌው እንደሚያነበው እንዲያነብ አደረገችው፤ ዳኛዋ የሻሽወርቅ ናት። ትንሽ ጨምሪ፣ በዛ፣ መልሺ፣ አሁንም አባ አግደው አልዳኑም፣ አሁን ጥቂት ተሻላቸው፣ አሁን ዳኑ። ሦስተኛውን ክፋይ እንደገና ሲያወጣ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆነ፤ አራተኛው እየተሠራ ስለነበር ላፕቶፑን ሳይዘጉት፣ እንደተከፈተ በሬዑት ጉልበት ላይ ተቀምጦ በዳኘው መኪና አዳራሽ ሄደ። ዳኘው በየጉብታው ላይ እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ ይላል፤ ከኋላው ሌሎች ጡሩንባ ያሰማሉ።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። የሙሽሪት ወገን በቀኝ፣ የሙሽራው ወገን በግራ ተቀምጧል፤ መሃሉ ላይ ሁለት ሜትር ባዶ ወለል አለ፣ ሁለቱን ሜትር የሚሻገሩት ልጆች ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው ክፋይ በሰላም ሄደ። ከሐዴራ የመጣችው አክስት ራሷን አይታ ነጠላዋን አስተካከለች፣ አለሁ አይደል ብላ ጎረቤቷን ጎሸመች። ሁለተኛው ክፋይ ውስጥ የጉልበቱ ሰዓት ሲጀምር ግራው በኩል ጨዋታው ደመቀ፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ጉልበት ጊዜ ዝም ይላል፣ ሲያልፍለት ያወራል። ቀኙ በኩል ግን ገና ጭር እንዳለ ነበር። የሻሽወርቅ ከኋላ ቆማ እጇን አጣጥፋ ስፌቱን ትጠብቃለች። ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ እያለች ትቆጥር ጀመር። ሬዑት አጠገቧ ናት፤ ሁለቱም ከስክሪኑ ዓይናቸውን አላነሱም። የሰማንያ ስምንት ዓመቱ አባ አግደው ፊት ለፊት ካለው ረድፍ ዞረው ሰው ሲፈልጉ የሻሽወርቅ አየችና፣ ሄዳ አጠገባቸው በርከክ አለች። ዓይናቸው ደክሟል፣ ከሩቅ የሚያዩት ጥላውን ብቻ ነው።

«የኔ ልጅ፣ እኔ አልደረስኩም?» አሏት። «ወይስ ረስታችሁኛል?»

ደርሰዋል አባ፣ ይኸው ታደገ እየመረቁ ነው፣ ከሳቸው ቀጥሎ እርስዎ ነዎት አለቻቸው። ሽማግሌው እጇን ያዙ። ሙሽሮቹ ከታደገ ፊት ተነሱ፣ አንድ እርምጃ ሄዱ፣ ተንበረከኩ። አባ አግደው ስክሪኑ ላይ የራሳቸውን እጅ አወቁት፤ ሲመርቁ የሚናገሩትን እዚያ ያለው አባ አግደውና እዚህ ያለው አባ አግደው አብረው አሉት፣ እዚህ ያለው ትንሽ እየቀደመ። ሲጨርሱ ቀኙ ሁሉ «አሜን» አለ፤ ግራውም፣ ታደገም ጭምር፣ «አሜን» አለ። ከዚያ ታደገ ከወንበራቸው ተነሱና ሁለቱን ሜትር ባዶ ወለል ተሻግረው መጥተው የአባ አግደውን ጉልበት ሳሙ። የሻሽወርቅ ዕንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም። ስትነሳ ስክሪኑ ላይ የሙሽሪት አክስቶች እየተሳሙ ነበር፣ ሠላሳ አምስተኛዋ ወይ ሠላሳ ስድስተኛዋ።

ወደ ኋላ ስትመለስ ሬዑት ክንዷን ያዘቻት።

«ስፌቱ ታየሽ?» አለቻት በጆሮዋ።

የሻሽወርቅ ስክሪኑን አየች፣ ከዚያ ልጇን አየች።

«አልፏል እንዴ?» አለች። «እኔ አባ አግደውን እያየሁ ነበር።»